ዘጠና ሦስት ዲግሪ

ሌላው ሰው ሲፈራ ሆዱ ይገላበጣል፤ ዳኛ ስትፈራ ግን የሚግሉት ጆሮዎቿ ናቸው። ነገሩ ገና ሳይመጣ፣ ወሬው ብቻ ሲደርሳት ሁለቱም እንደ በሰለ ቲማቲም ቀልተው ቁጭ ይላሉ። እናቷ ከሩቅ አይታ «ደግሞ ምን ሰማሽ?» የምትላት ለዚህ ነው። የትምህርት ቤት ቁጥጥሩ፣ የኢንስፔክሽኑ ሰሞን ደግሞ እነዚያ ጆሮዎች አንድ ቀን እንኳ በርደው አልዋሉም።

ዳኛ የመዝገብ ስሟ አይደለም፤ ወንድሞቿ ሊያበሽቋት ያወጡላት ነው። ገና ድክ ድክ ስትል ጀምሮ ዳቦ ሲቆረስ በክር እየለካች «ይሄ ይበልጣል፣ ያኛው ያንሳል» ትል ነበር። ይሄስ ምንም አይደል፤ የራሷ ድርሻ የበለጠ ቀን ቆርሳ ትመልሳለች። እስቲ ፍረዱ፣ ዳቦ የሚመልስ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንዲህ ያለች ፍጥረት ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ ሳይንስ ካልወደደች ምን ልትወድ ነው! ችግሩ፣ ትምህርት ቤቷ ውስጥ ሳይንስ ይጻፋል እንጂ አይለካም። ቤተ ሙከራው ዓመቱን ሙሉ ተቆልፎ ይከርማል፤ ቁልፉ ዳይሬክተሩ ኪስ ውስጥ ነው። «ዕቃው እንዳይሰበር ነው» ይላሉ ሲጠየቁ። እውነታቸውን ነው፣ አንድም ዕቃ ተሰብሮ አያውቅም።

ኢንስፔክሽኑ ሰኞ እንደሚመጣ የተነገረው በጠዋት ሰልፍ ላይ ነው። ዳይሬክተሩ ማይክራፎኑን መታ መታ አደረጉና «ባለፈው ከደረጃ በታች መውጣታችን ይታወቃል፤ ዘንድሮ ከደገምን ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ይዘጋል» አሉ። ከዚያ ስለ ፀጉር አቆራረጥ ቀጠሉ። ዳኛ ግን «ይዘጋል» ከሚለው ቃል ወዲያ የሰማችው የለም።

እንዴትስ ትስማ! እናቷ ላውንደሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ናት። ቀኑን ሙሉ ካውያ ይዛ ቆማ ውላ ስትገባ እግሯ አብጦ ጫማው እምቢ ይላል። ሌላው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለው ከተራራው ሥር ነው፤ አውቶብሱ ሳይነጋ ወጥቶ ከመሸ የሚመለስ፣ መንገዱ ደግሞ በአንድ በኩል ገደል። ዳኛ ወሬውን ይዛ ስትመጣ እናቷ ቁርጡን ነገረቻት።

«ስሚኝ የኔ ልጅ፣ አንቺን በዚያ ገደል በጨለማ ልኬ እዚህ ቁጭ ብዬ አልጠብቅም። እዚህ ከተዘጋ፣ ተዘጋ ነው። አሠሪዬ ለማጠፊያው ጠረጴዛ ልጅ ትፈልጋለች፤ ነግሬያታለሁ።»

«ነግረሻታል?»

«ምናልባት ብዬ ነዋ! ሥራ ነውር ነው እንዴ?»

ነውር አይደለም። ዳኛም ነውር ነው አላለችም። ብቻ ያን ጠረጴዛ ታውቀዋለች፤ ከትምህርት ቤት መልስ እናቷን ስትጠብቅ አይታዋለች። ነጭ አንሶላ ከወዲያ ይመጣል፣ ይታጠፋል፣ ሌላ ነጭ አንሶላ ይመጣል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አያስፈልግም።

እንግዲህ የሳይንስ መምህሩ ዘንድ እንምጣ። ተማሪዎቹ በሌሉበት «ቲቸር መቶ» ይሏቸዋል። «ሳይንስ ማለት ወይ መቶ ወይ ዜሮ ነው፣ መሀል ሰፋሪ የለም» ማለት ስለሚወዱ ነው። ደግ ሰው ናቸው፤ ደመወዛቸው ሲወጣ ጠመኔ እንኳ ከኪሳቸው ይገዛሉ። ግን የዚያን ሳምንት ፊታቸው የታመመ ሰው ፊት ሆነ። ኢንስፔክሽኑ ከሳይንስ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ አንድ ተማሪ ውኃ አፍልቶ፣ በቴርሞሜትር ለክቶ፣ ያየውን ይናገራል። ቀላል ነው አይደል? አዎ፣ ቀላል ይመስላል።

ዓርብ ከሰዓት ለልምምድ ቤተ ሙከራው ተከፈተ። መስታወቱ ሁሉ አቧራ ጠጥቷል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ዳኛ ትለካ!» አለ፤ ከፍቅር አይደለም፣ ማንም ራሱ መለካት ስላልፈለገ ነው። ዳኛ ቢከሩን፣ የመስታወቱን ማፍያ ዕቃ፣ አጥባ ውኃ ሞላች፣ ትንሿ የጋዝ ምድጃ ላይ ጣደች። ውኃው መጀመሪያ ተንጫጫ፣ ቀጥሎ አረፋ አወጣ፣ በመጨረሻ ከሥሩ ተገላበጠ። ቴርሞሜትሩን ነከረችና ዓይኗን ከቀዩ መስመር ጋር አስተካክላ አየች።

«ዘጠና ሦስት» አለች።

«ጠብቂ» አሉ ቲቸር መቶ።

ጠበቀች። ውኃው እየዘለለ ነው፣ እንፋሎቱ ፊቷን አላብቶታል፤ ቀዩ መስመር ግን ዘጠና ሦስት ላይ ቆሞ ንቅንቅ አልል አለ።

«ይሄ ተበላሽቷል። ሌላ አምጪ።»

ሌላው፣ ዘጠና ሦስት። ሦስተኛውና የመጨረሻው፣ ዘጠና ሦስት። በሩ ላይ ቆመው የነበሩት ዳይሬክተር ይሄን ጊዜ እየሮጡ ቢሯቸው ሄዱና ከመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን የትኩሳት መለኪያ ይዘው መጡ። «ይሄ አዲስ ነው! ገና አልተከፈተም!» ሊነክሩት ሲሉ ቲቸር መቶ እጃቸውን አየር ላይ ያዙ።

«ኧረ ጌታዬ፣ ይሄ አርባ ሁለት ላይ ያበቃል፤ ይፈነዳል!»

«ያው ትኩሳት አይደል እንዴ?» አሉ ዳይሬክተሩ፣ ቅር ብሏቸው።

ልጆቹ ሳቁ። ዳኛ አልሳቀችም። «ቲቸር፣ ሦስት ምስክር አንድ ቃል ከሰጠ ግን…» ብላ ጀመረች።

«ሦስቱም ተበላሽተዋል!» ብለው ጮኹባት። ጮኸው የማያውቁ ሰው ሲጮኹ ያስደነግጣል። ከዚያ ሌሎቹን ሁሉ አስወጡና እሷን አስቀሩ።

በሩ ሲዘጋ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ቴርሞሜትሮቹ ደህና ናቸው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ባለፈውም ተማሪዬ ዘጠና ሦስት ብሎ ነበር። የመጣው ሰውዬ መጽሐፉን ገልጦ ‹እዚህ መቶ ይላል› አለ። ምክንያቱን ላስረዳው ብል ‹መምህሩ ሰበብ ያበዛል፣ መሣሪያዎቹ አይሠሩም› ብሎ ጻፈ። ከደረጃ በታች ያወረደን ያ ነው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ! ዳኛ ግን የያዘቻት አንድ ቃል ናት። «ምክንያቱስ ምንድን ነው?»

«ከሰኞ በኋላ እነግርሻለሁ።» ከካፖርታቸው ኪስ የወጥ ቤት ጨው አወጡ፤ ተራውን፣ ሱቅ የሚሸጠውን። በማንኪያ ጨመሩ። ቀዩ መስመር ትንሽ ተነሳ። ደግመው ጨመሩ። ዘጠና አምስት። ጨመሩ፣ አማሰሉ፣ ጨመሩ። ውኃው ደፈረስ አለ እንጂ መፍላቱን አልተወም፤ መስመሩም እየተንፏቀቀ ሄዶ ሄዶ መቶ ላይ ተቀመጠ። ቲቸር መቶ ግንባራቸውን ጠረጉ።

«ሰኞ ጨዉን እኔ ቀድሜ እጨምረዋለሁ። አንቺ የምታደርጊው አንድ ነገር ነው፤ ያየሽውን ማንበብ። መቶ ታያለሽ፣ መቶ ትያለሽ። ውሸት የለበትም።»

ውሸት የለበትም! ዳኛ ጆሮዎቿን በእጆቿ ሸፍና ወደ ቤቷ ሄደች።

እሑድ ምሳ ሲሠራ እናቷ «ጨው አቀብዪኝ» አለቻት። ልጅቷ የጨው ዕቃውን አንስታ ደርቃ ቀረች።

«ምነው፣ ጨዉ ነከሰሽ?»

«እማዬ፣ ሰው ለመልካም ነገር ብሎ ቢዋሽስ?»

እናቷ ማማሰያውን አስቀመጠች። «የታመመን ሰው ‹አይዞህ፣ ደህና ነህ› እንለው የለ።»

«ታዲያ ይድናል?»

«አንዳንዱ ይድናል» አለችና ጨዉን ከእጇ ወሰደች። ከምሳ በኋላ የዳኛን ዩኒፎርም አወጣች፤ በዕረፍት ቀኗ፣ በዚያ ባበጠ እግሯ ቆማ፣ ካውያውን አግላ ኮሌታውን ሦስት ጊዜ ተኮሰችው። ዳኛ ያን ቆማ አየች። ነገ «መቶ» ማለት አለባት። ትላለች። ምን አማራጭ አላት?

ሰኞ መጣ። ኢንስፔክተሩ መጽሐፍ ይዞ የሚመጣ ሽማግሌ ነው ብለው ሲጠብቁ፣ የመጣችው ጫማዋ ጭቃ የነካው፣ ቦርሳዋን በትከሻዋ ያንጠለጠለች ወጣት ሴት ናት። መጸዳጃ ቤቱን አየች፣ ቤተ መጻሕፍቱን አየች፣ ዝም ብላ ትጽፋለች። ዳይሬክተሩ ከኋላዋ ከኋላዋ እየተከተሉ ያላየችውን ሁሉ ያወድሳሉ። በመጨረሻ ቤተ ሙከራው ገባች። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች በግድግዳው ዙሪያ ቆመዋል፤ ቢከሩ ምድጃው ላይ ሆኖ ይንጫጫል፤ ቲቸር መቶ አንድ እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተው አጠገቡ ቆመዋል።

ውኃው ፈላ። ዳኛ ነከረች።

«ስንት ይላል?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«መቶ።»

ዳይሬክተሩ ሊያጨበጭቡ እጃቸውን አነሱ። ኢንስፔክተሯ ግን ፈገግም አላለች፤ በመስኮቱ ወደታች ወደ ሸለቆው አየች። «ይሄ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር ነው?» ብላ መምህሩን ጠየቀች።

«ሁለት ሺህ… አለፍ ይላል» አሉ ቲቸር መቶ።

«ታዲያ በዚህ ከፍታ ውኃ እንዴት በመቶ ይፈላል? እኔ ዘጠና ሦስት ገደማ ነበር የጠበቅኩት። እስቲ ሌላ ቴርሞሜትር።»

ጉድ ፈላ! ዳኛ ሁለተኛውን ነከረች፤ መቶ። ሦስተኛውን ነከረች፤ መቶ።

«ሦስቱም ተበላሽተዋል» አለች ኢንስፔክተሯ፣ የብዕሯን ክዳን እየከፈተች። «መሣሪያዎቹ አይሠሩም ማለት ነው።»

ዳኛ ወደ መምህሯ አየች። ኪሳቸው ውስጥ ያለው እጃቸው ጨዉን ጨምቆ እንደያዘ ገብቷታል። ባለፈው እውነቱን ተናገሩና ከደረጃ በታች ወጡ፤ አሁን ደግሞ ውሸቱ ራሱ ይዟቸው ሊወርድ ነው። ይናገራሉ ብላ ጠበቀች። ብዕሩ ወረቀቱን ነካ። የላውንደሪው አንሶላ በዓይኗ መጣባት፣ ነጭ፣ ደግሞ ሌላ ነጭ። ብትናገር መምህሯን በሰው ፊት ልትሸጥ ነው፤ ባትናገር ክፍሉ ይዘጋል። ጆሮዎቿ ጋሉ ብቻ አይደለም፣ መስማትም አቆሙ።

ለእውነት ብላ ነው የተናገረችው ብዬ አልዋሻችሁም። ላውንደሪውን ፈርታ ነው ብትሉም አልከራከርም። እሷ ግን ኋላ ስትጠየቅ ያለችው፣ «ያናደደኝ የቴርሞሜትሮቹ መበደል ነው» ነው፤ ዓርብም ሰኞም ያዩትን ከመናገር በቀር ያጠፉት የለ፣ ሁለቴ ተበላሽታችኋል ተባሉ። ዳቦ የምትመልስ ልጅ፣ ምን ይደረግ!

«አልተበላሹም!» አለች። ድምጿ ቀጥኖ ወጣ። «ውኃው ነው። ጨው አለበት።»

«የምን ጨው?» አሉ ዳይሬክተሩ። «ማን ነው ጨው የሚጨምረው? ምን ታወራለች ይቺ?»

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ ቢከሩን አየች። ጠርዙ ላይ የተፈናጠረው ውኃ ደርቆ ነጭ ዱቄት ሠርቷል። ቀና ብላ «ማን ነው የጨመረው?» አለች።

ይሄ ጥያቄ ይመጣል ብላ ዳኛ ፈጽሞ አላሰበችም። እስቲ አሁን ምን ትበል? «እኔ» አለች። በሕይወቷ የመጀመሪያው ውሸት እሱ ይመስለኛል፤ አያምርባትም ነበር፤ ጆሮዎቿ ላይ በቀይ ተጽፏል።

«ተይ ልጄ» አሉ ቲቸር መቶ። እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ጨዉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «እኔ ነኝ። ልጅቷ ለምን እንደሆነ እንኳ አታውቅም።»

ከዚያ ኢንስፔክተሯ «አዲስ ውኃ ይቀዳ» አለች።

ዳኛ ቢከሩን አጠበች፣ አለቀለቀች፣ ደግማ አጠበች፣ ውኃ ሞልታ ጣደች። ውኃ ሲጠብቁት አይፈላም፤ ያን ቀን ደግሞ ጭራሽ የሚፈላ አልመሰለም። ዓርብ የተናገረችው ትክክል ባይሆንስ? ቢከሩ ውስጥ ጨው ቀርቶ ቢሆንስ? ቀዩ መስመር ሰማንያ አለፈ። ዘጠና ደረሰ። ልጆቹ ከግድግዳው ለቀው ተጠጉ። ዘጠና አንድ። ዘጠና ሁለት። ውኃው ከሥሩ ተገላበጠ፣ መስመሩ አንድ እርምጃ ጨመረና ቆመ።

«ዘጠና ሦስት» አለች ዳኛ።

«ለምን?»

«አላውቅም። ከሰኞ በኋላ ነው የተባልኩት።»

ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ኢንስፔክተሯ ወደ መምህሩ ዞረች። «ሰኞ ደርሷል። ያስረዷቸው።»

ቲቸር መቶ ጠመኔ አነሱ። «በላያችሁ ላይ ብርድ ልብስ እንደተከመረ አስቡ» አሉ። «አየር ማለት እንደዚያ ነው። ታች ባሕሩ ዳር ክምሩ ወፍራም ነው፤ ውኃው ያን ሁሉ ገፍቶ በእንፋሎት ለመውጣት ብዙ ሙቀት ይፈልጋል። እኛ ከክምሩ ጫፍ አጠገብ ነን። በላያችን ያለው ስስ ነው። ውኃችን ቶሎ ይወጣል።» ዳኛ በላውንደሪው ጥግ የሚቆለለውን የብርድ ልብስ ቁልል አሰበችና ነገሩ እንዲሁ ገባት። ከዚያ ጨው ለምን እንደሚያዘገየው አስረዱ፣ ሣሉ፣ ጠየቁ፣ ልጆቹም እጅ አወጡ። መጽሐፍ ሳይገልጡ ሲያስተምሩ ያየቻቸው ያን ቀን ነው። ደወል ተደወለ፣ ማንም አልተነቃነቀም። ኢንስፔክተሯ እንኳ መጻፏን ትታ ቆማ ትሰማ ነበር።

ውጤቱ እስኪመጣ ዳኛ ከሳች። ቲቸር መቶ በመተላለፊያው ሲያልፉ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጉላታል፤ ከዚያ ያለፈ ቃል የለም። ጠልተውኛል አለች ለራሷ። ቢጠሉኝስ ምን ይፈረድባቸዋል? እናቷ ነገሩን ሁሉ ሰምታ «አሠሪዬን ትንሽ ጠብቂ ብያታለሁ» አለቻት። ዳኛ ይሄ ተስፋ ይሁን ቀጠሮ አልገባትም።

አንድ ጠዋት ዳይሬክተሩ ማይክራፎኑን መታ መታ አደረጉ። ትምህርት ቤቱ ደረጃውን አልፏል፤ ለጥቂት ነው፣ ግን አልፏል። «ቤተ ሙከራው ይሠራል፣ ተማሪዎቹ ይለካሉ» ተብሎለታል። ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል አይዘጋም። ሰልፉ በጩኸት ፈረሰ፤ ልጆቹ ዳኛን ከመሬት አንስተው ሊጥሏት ደረሱ። ጩኸቱ ሲበርድ ዳይሬክተሩ የቀረውን አነበቡ፤ የሳይንስ መምህሩ ሙከራ በማጭበርበር ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውረዋል።

ዳኛ ቤተ ሙከራው ውስጥ አገኘቻቸው። ቢከሮቹን እያጠቡ በጨርቅ ላይ ይደፋሉ።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች።

«ለምኑ? ይቅርታ የምጠይቅስ እኔ ነኝ።» ቢከሩን ወደ መስኮቱ አንስተው መጥራቱን አዩ። «ምክንያቱን በጊዜ ባስተምራችሁ ኖሮ ያን ቀን ክፍሉ ሙሉ ምስክር ይቆምልኝ ነበር። እኔ ግን ፈራሁና ጨው ገዛሁ።» ከዚያ በከንፈራቸው ጫፍ ሳቁ። «የላኩኝ የት መሰለሽ? ቆላ። ከባሕር ጠለል እኩል የሆነ በረሃ። እዚያ ውኃው ራሱ በመቶ ይፈላል አሉ። ከእንግዲህ የጨው ወጪ የለብኝም።»

ዳኛ ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ተበላሽቶ ልቅሶ ሆነ። እሳቸው ጨርቁን አቀበሏት፣ ጨርቁ የቢከር ነው፣ እሷም ፊቷን ጠረገችበት።

በአዲሱ ዓመት ዳኛ አሥረኛ ክፍል ገባች። የቤተ ሙከራው ቁልፍ አሁን ከዳይሬክተሩ ኪስ ወጥቶ በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። አዲሱ የሳይንስ መምህር ከቆላ የመጣ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ድምፁ የሚያስፈራ ወጣት ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ልጅ ስላቋረጠው ከክፍል አስወጥቶታል። ዛሬ ውኃ ጥዷል። ልጆቹ ከበውታል። ውኃው ተንጫጫ፣ ተገላበጠ፣ መምህሩ ቴርሞሜትሩን ነክሮ አየ፣ ጠበቀ፣ በጥፍሩ መታ መታ አደረገው።

«ይሄ ተበላሽቷል» አለና ወደ መደርደሪያው ዞረ።

ክፍሉ በሙሉ ወደ ዳኛ አየ። ጆሮዎቿ ጋሉ። እጇን አወጣች።